የሚያድርና የማያድር፦ ስለ «ማኅደረ ትውስታ» ስያሜዎች የቀረበ ሒስ

«የማይተን የዘፈቀደ መዳረሻ ማኅደረ ትውስታ»። ይህን ባለ አምስት ቃል ስያሜ ያገኘነው በቅርቡ ለአስተያየት ከተላከልን አንድ የትርጉም ረቂቅ ውስጥ ነው። ረቂቁ የኮምፒዩተር መረብ ቴክኒሻኖች የሚሠለጥኑበት መጽሐፍ ሲሆን፣ ስለ ራውተር በሚናገረው ምዕራፉ የመሣሪያውን ልዩ ልዩ ማኅደሮች አንድ በአንድ እየጠራ ያስረዳል። ተርጓሚው ትጉህ መሆናቸው ከሥራቸው ይታያል፤ አንድም ሐረግ አልዘለሉም፤ ዓረፍተ ነገሮቻቸውም በአብዛኛው የአማርኛ ለዛ አላቸው። ስለዚህ ይህ ሒስ በእርሳቸው ላይ የሚሰነዘር አይደለም። የሚያነጣጥረው ቃል አውጪዎችም ተርጓሚዎችም ሁላችን ሳንመረምር ተቀብለን በምናስተላልፈው አንድ የአሰያየም ልማድ ላይ ነው። ልማዱም የባዕዱን ስያሜ ብልት በብልት ፈትቶ፣ ብልት በብልት መልሶ መገጣጠም ነው።

የዚህ ልማድ ጉዳት ጆሮን ማስቸገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ ባልተናገርን ነበር። ነገር ግን ረቂቁ ለሙከራ በተሰጠበት አንድ ክፍል የደረሰውን ተርጓሚው ራሳቸው በደብዳቤ ገልጸውልናል። ሠልጣኞቹ ቀኑን ሙሉ ራውተሮችን ሲያዋቅሩ ዋሉ። አድራሻ ሰጡ፣ በሮችን ከፈቱ፣ መንገዶችን መዘገቡ፤ መረቡም ሠራላቸው። ማምሻውን መጽሐፉ «ሥራህ በማኅደረ ትውስታ መያዙን አረጋግጥ፤ ከዚያም መሣሪያውን አጥፋ» ይላቸዋል። አረጋገጡ፤ በእርግጥም ተይዞ ነበር። አጠፉ። በማግሥቱ ሲያበሩት ራውተሩ ገና ከካርቶኑ እንደ ወጣ ሁሉ፣ የመጀመሪያውን የማዋቀር ጥያቄና መልስ መጀመር ይፈልጉ እንደ ሆነ ጠየቃቸው። የቀን ሙሉ ሥራ በአንድ ሌሊት ጠፍቷል። የእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር የሚናገረው ኃይል ሲቋረጥ ስለማይጠፋው ማኅደር ነበር፤ ሠልጣኞቹ የተመለከቱት ግን ኃይል ሲቋረጥ ባዶ የሚሆነውን ነው። ተርጓሚው ያን ባለ አምስት ቃል ስያሜ ለአሥረኛ ጊዜ መጻፍ ቢሰለቻቸው «ማኅደረ ትውስታ» ብለው አሳጥረውታል። በዚህ ማን ይፈርድባቸዋል? እኛም ብንሆን እናሳጥረው ነበር።

እዚህ ላይ የመሣሪያውን ጠባይ በጥቂቱ ማስረዳት ግድ ይሆናል፤ ነገሩን ሳያውቁ ስሙን መመዘን አይቻልምና። ራውተር ከአንድ መረብ የመጣውን የመረጃ እሽግ ተቀብሎ፣ የመድረሻ አድራሻውን አይቶ፣ በየትኛው በር እንደሚወጣ የሚወስን ኮምፒዩተር ነው። በሥልጠና ቤቶች በብዛት የሚታወቁትን የሲስኮ ኩባንያ ራውተሮች በምሳሌነት ብንወስድ፣ መሣሪያው ሲበራ አስቀድሞ የሚናገረው እንግሊዝኛው በምኅጻር «ሮም» የሚለው ክፍል ነው። በዚያ ያለው አጭር ፕሮግራም የመሣሪያውን ጤንነት ፈትሾ፣ ሥርዓተ ክወናው ወዳለበት ወደ ፍላሽ ይሄዳል። ሥርዓተ ክወናው በአብዛኞቹ መሣሪያዎች ታሽጎ የተቀመጠ ስለሆነ ተፈትቶ ወደ «ራም» ይገባና ሥራውን ይጀምራል። ቀጥሎም የመሣሪያው ባለቤት የሰጠው ውቅር ይፈለጋል። ይህ ውቅር የሚገኘው በአራተኛው ክፍል፣ ማለትም በዚያ ባለ አምስት ቃል ስም በተጠራው ውስጥ ነው። ከዚያ ይቀዳና ወደ ራም ይገባል፤ ራውተሩም በዚያ መሠረት ያድራል፣ ይውላል።

ዋናው ነጥብ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ቴክኒሻኑ ትእዛዝ ሲጽፍ የሚለወጠው በራም ያለው ቅጂ ብቻ ነው። ለውጡ በዚያው ቅጽበት በሥራ ላይ ይውላል፤ እሽጎቹ በአዲሱ መንገድ መጓዝ ይጀምራሉ፤ ቴክኒሻኑም ሥራውን እንደ ጨረሰ ያምናል። ያ ቅጂ ወደ ቋሚው ክፍል እንዲቀዳ ራሱን የቻለ ሌላ ትእዛዝ ካልሰጠ ግን የሠራው ሥራ ዕድሜው መብራት እስኪጠፋ ብቻ ነው። እንግዲህ ለቴክኒሻኑ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ዕውቀት «የቱ ያድራል? የቱ አያድርም?» የሚለው ነው። ስያሜ ለተጠቃሚው የሚጠቅም ከሆነ ይህን መለየት መቻል አለበት። በረቂቁ ያሉት አራቱም ስያሜዎች «ማኅደረ ትውስታ» ብለው ያበቃሉ፤ ልዩነቱ ሁሉ የተጫነው በቅጽሎቹ ላይ ነው። ረጅም ስያሜ ሲያጥር ደግሞ የሚወድቀው ቅጽሉ ነው፤ የሚተርፈው ባለቤቱ ስም ነው። አራት ነገሮች አንድ ባለቤት ስም ካላቸው፣ ባጠሩ ጊዜ አራቱም አንድ ነገር ይሆናሉ። በክፍሉ የደረሰው ይህ ነው።

«ማኅደር» የሚለውን ቃል ራሱን እንመርምር። ሥሩ የግእዙ «ኀደረ» ነው፤ በአማርኛ «አደረ» የምንለው። ማኅደር ማለት ማደሪያ ነው። በቤተ ክህነት የብራና መጽሐፍ የሚገባበትን፣ ማንገቻ ያለውን የቆዳ ከረጢት ማኅደር እንላለን፤ በመሥሪያ ቤት ደግሞ የባለጉዳዩ ወረቀቶች የሚጠረዙበትን። በሁለቱም ቦታ ቃሉ የሚሰጠው ተስፋ አንድ ነው፤ ዛሬ ያስገባኸውን ነገ ታገኘዋለህ። አሁን «ማህደር» ተብሎ በሃሌታው «ህ» ሲጻፍ ከሥሩ ጋር ያለው ዝምድና ለዓይን ይሰወራል፤ ትርጉሙ ግን አሁንም በጆሮ ይደርሳል። ይህንኑ ቃል ምንም ነገር ለማያድርበት ለራም መስጠት ስሙን ከነገሩ ጋር ማጣላት ነው። የሚያሳዝነውም፣ ከአራቱ ክፍሎች መካከል ሕዝቡ «ማኅደረ ትውስታ» ሲባል አስቀድሞ የሚያስበው ይህንኑ የማያድረውን መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ብልት «ትውስታ» የሰውን አእምሮ ያስታውሳል። በነገራችን ላይ ለቋንቋ ባለሙያ ጆሮ «ትውስት» ከሚለው፣ ከተዋሱት ነገር ጋር የሚቀራረብ ድምፅ አለው፤ ለራም ከሆነ ይህ ስሕተት ከእውነቱ ይልቅ የተሻለ ይገልጸዋል፤ በእርግጥም ሁሉ ነገር በውሰት የሚኖርበት ቦታ ነው። ግን ኮምፒዩተርን ከሰው አእምሮ ጋር ማዛመድ ግዴታ ነበርን? አልነበረም። ቻርልስ ባቤጅ በ19ኛው መቶ ዓመት ስለ ነደፈው የሒሳብ ሞተር ሲጽፍ፣ ቁጥሮች የሚቀመጡበትን ክፍል ማከማቻ፣ የሚሰሉበትን ክፍል ደግሞ ወፍጮ ነበር ያለው። ምሳሌውን ያመጣው ከፋብሪካ እንጂ ከጭንቅላት አይደለም። የአእምሮው ምሳሌ የገነነው ጆን ፎን ኖይማን እ.ኤ.አ. በ1945 ስለ ኤድቫክ ኮምፒዩተር ባዘጋጀው ረቂቅ የመሣሪያውን ክፍሎች ከነርቭ ሕዋሳት ጋር እያነጻጸረ ከጻፈ ወዲህ ነው። ጀርመኖች ግን እስከ ዛሬ የሚጠቀሙት ጎተራና መጋዘን የሚል ትርጉም ባለው ቃል ነው፤ ራምንም «የሥራ ጎተራ» እንደ ማለት በሚሆን አንድ ጥምር ቃል ይጠሩታል። ፈረንሳዮች የአእምሮውን ምሳሌ ተቀብለው፣ ራምን «ሕያው ትዝታ»፣ ሮምን «ሙት ትዝታ» ብለው ለዩት። ሁለቱም የእንግሊዝኛውን ስያሜ ብልት በብልት አልፈቱም፤ ነገሩ ምን እንደ ሆነ ጠይቀው ሰየሙ።

የእንግሊዝኛው ስያሜ ራሱ ተተርጉሞ ሊጠቅመን የማይችልበት ምክንያት አለ፤ በየዘመኑ ከነበረ ክርክር የተረፈ ቅሪት ነውና። «የዘፈቀደ መዳረሻ» የሚለውን እንውሰድ። በአማርኛ «በዘፈቀደ» የተሠራ ነገር ያለ ሐሳብና ያለ ሥርዓት የተሠራ ነው። አንባቢው ከዚህ ተነሥቶ መሣሪያው መረጃን እንደ መጣለት ያገኛል ብሎ ቢያስብ አይወቀስም። የእንግሊዝኛው አሳብ ግን ሌላ ነው። በጥንቱ የመግነጢስ ክር ላይ የተቀዳን ነገር ለማግኘት ክሩን ከዚያ እስኪደርሱ መተርተር ግድ ነበር፤ በራም ግን ወደ የትኛውም ቦታ ያለ ተራ፣ በእኩል ጊዜ መድረስ ይቻላል። ይህ ልዩነት ለእኛ ባዕድ አይደለም። የክታቡን የብራና ጥቅል መካከሉን ለማንበብ ከጫፉ ጀምሮ መዘርጋት አለበት፤ የተጠረዘውን መጽሐፍ ግን በፈለጉት ገጽ ይገልጡታል። ስለዚህ የግድ ይተርጎም ከተባለ «በቀጥታ የሚደረስበት» ማለት በበቃ ነበር። ይሁን እንጂ ዛሬ ይህም አይለይም፤ ሮምም፣ አራተኛውም ክፍል እንዲሁ በቀጥታ የሚደረስባቸው ናቸው። ስሙ ከተፎካካሪው ከክሩ ጋር ያደረገው ሙግት ካለፈ ብዙ ዓመታት ሆኗል።

«ተነባቢ ብቻ» የተባለውም እንዲሁ ነው። በአንድ ወቅት ሮም በፋብሪካ የተጻፈበትን ብቻ ይዞ የሚቀር ነበር፤ በሲስኮ 2500 ተከታታይ ራውተሮች ላይ የመነሻውን ፕሮግራም ለመለወጥ ትንንሾቹን ቺፖች ከሶኬታቸው ነቅሎ ሌሎች መትከል ያስፈልግ ነበር። በኋላ በመጡት መሣሪያዎች ግን ያው ፕሮግራም በትእዛዝ ይታደሳል። በተቃራኒው የዚያው የ2500 ራውተር ስለ ራሱ ሲመሰክር «8192 ኪሎባይት የሥርዓት ፍላሽ፣ ተነባቢ ብቻ» ይላል። ይህን ያለበት ምክንያት መሣሪያው ሥርዓተ ክወናውን ወደ ራም ሳያወጣ እዚያው ከፍላሹ ላይ ስለሚያሠራው፣ በሥራ ላይ ሳለ እንዳይጻፍበት ስለሚከለከል ነው። ረቂቁ ይህን መስመር ሲተረጉም ፍላሹን ትቶ «8192 ኪሎባይት ተነባቢ ብቻ ማኅደረ ትውስታ» ብሎታል። በመጽሐፉ መዝገበ ቃላት መሠረት ይህ ሮም ማለት ነው። ተማሪው እንግዲህ ትልቁ ሥርዓተ ክወና በሮም ይቀመጣል ብሎ ይማራል ማለት ነው።

በዚያው ገጽ ሌላ ሊታለፍ የማይገባ ስሕተት አለ። ራውተሩ ስለ ራሙ ሲናገር ሁለት ቁጥሮችን በእዝባር ለይቶ 6144 ኪሎባይት፣ 2048 ኪሎባይት ብሎ ያስቀምጣል። ረቂቁ «ከ6144 ውስጥ 2048ቱ በጥቅም ላይ የዋለ» ብሎ ተርጉሞታል። እዝባሩ ማካፈያም አይደለም፣ «ከዚህ ውስጥ» ማለትም አይደለም። ሁለቱ ተደምረው ነው 8192 የሚሆኑት፤ የመጀመሪያው ድርሻ ማዕከላዊ አንጎሉ ለፕሮግራምና ለመንገድ ሠንጠረዦች የሚጠቀምበት፣ ሁለተኛው ደግሞ ገቢና ወጪ እሽጎች ተራቸውን የሚጠብቁበት ነው። ይህን የምናነሣው ተርጓሚውን ለማሳጣት አይደለም። የቃል ፍቺ ብቻ ይዞ መሣሪያውን ሳያዩ መተርጎም የት እንደሚያደርስ ስለሚያሳይ ነው።

ስለ «ብልጭታ ማኅደረ ትውስታ» አንድ ነገር ማለት ይገባል። የቶሺባ ኩባንያ መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱዎካ ይህን ዓይነት ማኅደር እ.ኤ.አ. በ1984 ለሙያው ጉባኤ ሲያስተዋውቅ፣ ስሙ የመጣው ከሥራ ባልደረባው ከሾጂ አሪይዙሚ ነው። አሪይዙሚ በአንድ ጊዜ ሰፊ ክፍል የሚደመሰስበት መንገድ የካሜራን ብልጭታ አስታወሰው። ስሙ እንግዲህ የሚናገረው ስለ አደማመሰሱ ነው። በአማርኛ ግን ብልጭታ ታይቶ የሚጠፋ ነገር ምሳሌ ነው፤ ይህ ማኅደር ደግሞ ያለ ኃይል ለዓመታት የያዘውን የሚያኖር ነው። ትርጉሙ በትክክል የተተረጎመ፣ አሳቡ ግን የተገለበጠ ስያሜ ከተፈለገ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም። ሕዝቡ በኪሱ የሚይዛትን ትንሽ ዕቃ «ፍላሽ» ብሎ ከጨረሰ በኋላ እኛ ብልጭታን ማምጣታችን ትርፉ ምንድን ነው? ፍላሽ ፍላሽ ይባል።

«እንዲህ ከሆነ ሌሎቹንም በምኅጻራቸው ራምና ሮም ብሎ መተው አይቀልምን?» የሚል ይኖራል። ለተናጋሪው ይቀላል። ለጸሓፊውና ለአንባቢው ግን ሁለቱ ቃላት የሚለያዩት በ«ራ» እና በ«ሮ» ብቻ ነው፤ በእጅ ጽሑፍ አንዲት ጭረት ናት። ተቃራኒ ጠባይ ላላቸው ሁለት ነገሮች ይህ አደገኛ ቅርበት ነው። ከዚህም ሌላ በላቲን ፊደል ምኅጻሩ በዐቢይ ፊደላት ስለሚጻፍ ይለያል፤ በእኛ ፊደል «በሮም ያለው ፕሮግራም» ያለ ሰው ስለ ጣልያን ዋና ከተማ የሚናገር ይመስላል። ረቂቁን ያነበቡልን አንድ አዛውንት የሰዋስው መምህር በዚህ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆመው ጥቂት ሲያስቡ ታዝበናል።

በበኩላችን የምናቀርበው አሳብ ልዩነቱ ከቅጽሉ ተነሥቶ ወደ ባለቤቱ ስም ይዛወር የሚል ነው። ለራም በመጀመሪያ ያሰብነው ቃል «ሰሌዳ» ነበር፤ ተጽፎበት የሚጠፋ ነውና። ነገር ግን «የቁልፍ ሰሌዳ»፣ «ቅንጥብ ሰሌዳ» እየተባለ ቃሉ ተጨናንቋል። ከዚያ በኋላ የተገኘው «ገበታ» ነው። ገበታ ይዘረጋል፣ ይነሣል። ማንም በገበታ ላይ የቀረውን ነገ አገኘዋለሁ ብሎ አይተኛም። «የሥራ ገበታ» የሚለው ሐረግም ሠራተኛው በሥራ ላይ ሳለ የሚገኝበትን ቦታ ለመግለጽ ከቆየ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የራምም ጠባይ ይኸው ነው። ሮበርት ዴናርድ እ.ኤ.አ. በ1968 የፈጠራ መብት ያገኘበት፣ ዛሬ በብዛት የሚሠራበት የራም ዓይነት እያንዳንዱን ፊደል የሚይዘው በምትፈስ ጥቂት የኤሌክትሪክ ሙል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በየ64 ሚሊ ሰከንዱ ካልታደሰ መብራት ሳይጠፋም ይረሳል። ያለማቋረጥ ማስታወስ የሚያስፈልገውን ነገር ማኅደረ ትውስታ ማለት ምን ያህል ቸርነት ነው!

«ማኅደር» የሚለውን ስም ደግሞ ለሚገባው ለአራተኛው ክፍል ብቻ እንተው፤ ያለ ቅጽል፣ ባዶውን። በ2500 ራውተር ይህ ክፍል 32 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ ከገበታው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። የባለቤቱ ፈቃድ የሚያድረው ግን እዚያ ነው። በአንዳንድ መሣሪያዎች በባትሪ የሚደገፍ ቺፕ ነው፤ በአንዳንዶቹ ደግሞ ራሱን የቻለ አካል የለውም፣ ከፍላሹ ተከፍሎ የተሰጠው ድርሻ ነው። ስሙ በሥራው ከወጣለት አካሉ ቢለወጥም ስሙ አይለወጥም፤ በ«የማይተን» ከጠራነው ግን በየጊዜው ስለ አካሉ ልንከራከር ነው። «የማይተን» የሚለው ቅጽል ከኬሚስቶች የተወሰደ መሆኑም ግልጽ ነው። ቤንዚን ይተናል፤ ውቅር ግን አይተንም፣ ይጠፋል እንጂ።

ይህ ከተደረገ ያ ሠልጣኞቹን ያሳሳተው ትእዛዝ «ውቅሩን ከገበታው ወደ ማኅደሩ ቅዳ» ይሆናል። እንዲህ ያለውን ዓረፍተ ነገር ያነበበ ሰው ሁለት ቦታ እንዳለ፣ አንዱ እንደሚነሣና ሌላው እንደሚያሳድር ያለ ሐተታ ይረዳል። የይለፍ ቃሉ ለጠፋበት ቴክኒሻን የሚሰጠውም መመሪያ እንዲሁ ይጠራል። እዚያ የሚደረገው በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር 2102 የሚለውን የመሣሪያውን መነሻ ቁጥር ወደ 2142 መለወጥ ነው፤ ራውተሩም በሚነሣበት ጊዜ በማኅደሩ ያለውን ውቅር ሳያነብ ያልፋል። ረቂቁ ይህን «ማኅደረ ትውስታውን ዘልሎ ይነሣል» ብሎታል። ራሙን ዘልሎ የሚነሣ ኮምፒዩተር ግን በምድር ላይ የለም። ለሮም «መቀስቀሻ» የሚለውን እናቀርባለን። ይጻፍበት አይጻፍበት የሚለውን ትቶ የሚሠራውን ስለሚናገር ለዕድሜው የተሻለ ነው። በዚህ ላይ ብዙ አንከራከርም።

ሁለት ተቃውሞዎችን ጠብቀናል። አንደኛው «ማኅደረ ትውስታ» በስልክና በኮምፒዩተር ገጾች ተስፋፍቶ ሥር ስለ ሰደደ አይነቀልም የሚል ነው። እኛም እንዲነቀል አንጠይቅም። ስለ ዘርፉ በጠቅላላ ሲነገር ያገልግል፤ የምንቃወመው በአንድ መሣሪያ ውስጥ ያሉ ተቃራኒ ክፍሎችን አንድ በአንድ ለመሰየም መዋሉን ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ ከ«አደረ» ቤት የወጡ ቃላት ሁሉ ጥሩ ወሬ አይሰማባቸውም የሚል ነው። በእርግጥ ለማኅደር ማብራሪያ «አዳሪ» የሚለውን ቅጽል ስናነሣ በአንድ ስብሰባ ላይ ሣቅ ተሰምቷል። ነገር ግን አርሶ አደርም፣ አዳሪ ትምህርት ቤትም ከዚሁ ቤት የወጡ ናቸው፤ በእነርሱ የሣቀ ሰው አላየንም።

የከበደን አምስተኛው ነው። ትልልቅ ራውተሮች ከገበታው ሌላ መንገድን በፍጥነት ለመፈለግ ብቻ የተሠራ የማኅደር ዓይነት አላቸው። በገበታው ላይ የቤት ቁጥር ሰጥተህ ማን እንዳለበት ትጠይቃለህ፤ በዚህኛው ግን የነዋሪውን ስም ጠርተህ ቤቱ የት እንደ ሆነ ይነገርሃል፤ ሁሉም ቤቶች በአንድ ጊዜ ይጠየቃሉና። ከዜሮና ከአንድ ሌላ «የትኛውም ቢሆን» የሚል ሦስተኛ ምልክትም ይይዛል። በረቂቁ ይህም «ሦስትዮሽ በይዘት ሊደረስበት የሚችል ማኅደረ ትውስታ» ተብሏል። አጥሮ ማኅደረ ትውስታ ሲባል የሚመጣውን መገመት አያዳግትም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 12 ቀን 2014 የዓለም አቀፉ ኢንተርኔት የመንገድ ሠንጠረዥ ከ512 ሺህ መንገዶች ባለፈ ጊዜ፣ አንዳንድ ነባር ራውተሮች በዚህ ክፍል ለመደበኛው አድራሻ የተመደበላቸው ቦታ ሞልቶ በብዙ አገሮች የኢንተርኔት አገልግሎት ተስተጓጉሏል። የራማቸው ስፋት በዚህ ረገድ ምንም አልረዳቸውም። መፍትሔው የዚህኑ ክፍል ድልድል ለውጦ መሣሪያውን እንደ ገና ማስነሣት፣ ወይም መሣሪያውን መተካት ነበር። «ማኅደረ ትውስታው ሞልቷል» የሚል የአማርኛ መልእክት የደረሰው ኃላፊ ግን ራም ገዝቶ ይጨምራል፤ ገንዘቡ ይወጣል፣ መረቡ እንደ ወደቀ ይቀራል።

ለዚህ «ማውጫ» የሚል ስም አቀረብን። በመጽሐፍ መጨረሻ ስሙን ፈልገን ገጹን የምናገኝበት የቃላት ማውጫ ሥራው ተመሳሳይ ነውና። ተርጓሚው ገበታንና ማኅደርን ተቀብለው ረቂቃቸውን እንደሚያርሙ ጽፈውልናል፤ መቀስቀሻን «ሠልጣኞቹን ጠይቄ እወስናለሁ» ብለዋል። ማውጫን ግን አልተቀበሉትም። ምክንያታቸውም ጠንካራ ነው፤ በመጽሐፋቸው መግቢያ የምዕራፎቹ ዝርዝር «ማውጫ» ተብሎ ተጽፏል፣ የመሣሪያው የትእዛዝ ዝርዝርም እንዲሁ «ማውጫ» ተብሏል፤ ሦስተኛ ማውጫ ቢጨመር ያው አራት ማኅደረ ትውስታ ያመጣው ጣጣ በሌላ ስም ይመለሳል ይላሉ። መልስ አላገኘንላቸውም። በመዝገባችን ላይ ከዚህ ስያሜ አንጻር ያለው ዐምድ ባዶ ነው፤ የተሻለ ቃል ያለው አንባቢ ቢልክልን ከነምክንያቱ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።